ለአኳሪየም ተክል መብራት አመራረጥ፦ ብርድ ላለበት ቤት፣ መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር

ደብረ ብርሃን ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ አንድ የዓሣ ገንዳ አለ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠጠሩና እንጨቱ የያዙት ቦታ ሲቀነስ 55 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ውስጡ ጋፒዎች ይዋኛሉ። እንግዳ ሲመጣ ግን ዓይኑ የሚያርፈው ተክሉ ላይ ነው። ጠጋ ብሎ ያየውና «ይሄ የእውነት ነው ወይስ ፕላስቲክ?» ይለኛል። የእውነት ነው። እዚህ እስክደርስ ግን ሦስት መብራት ቀያይሬያለሁ። ሁለቱ አልሆኑም። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ርካሹ፣ ሆነ።

የመጀመሪያውን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ነው ይዞልኝ የመጣው። ካርቶኑ ላይ የኮራል ሥዕል አለ። ውድ ዕቃ እንደሆነ ያስታውቃል። ስሰካው ሳሎኑ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። እናቴ «ዓይኔን ወጋኝ ልጄ» ብላ ወንበሯን አዞረች። አረንጓዴው ቅጠል ጥቁር መሰለ። እኔ ግን ጠንካራ መብራት ጥሩ መብራት ነው ብዬ በቀን 12 ሰዓት አበራሁት። በሦስተኛው ሳምንት ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለ። ዓሣዎቹ መስታወቱ ጋ ካልተጠጉ በቀር አይታዩም ነበር።

ስህተቱ የመብራቱ አልነበረም። ያ መብራት ለሌላ ፍጥረት የተሠራ ነው። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ ግን በጣም ደቃቅ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ተክል መሰል ነገር) አስጠልሎ ይኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ለባለቤቱም ያካፍለዋል። የባሕር ውሃ ደግሞ ቀዩን ብርሃን ከላይ ከላዩ ይውጠዋል። አሥር ሜትር ያህል ሲወረድ ቀይ የሚባል የለም ማለት ይቻላል። ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይወርዳል። ኮራል የለመደው እሱን ነው። ስለዚህ የኮራል መብራት ከ10,000 እስከ 20,000 ኬልቪን፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ኃይለኛም ይሆናል። ድንጋይ የመሰለ አጽም የሚሠሩት ኮራሎች ከ200 እስከ 400 ማይክሮሞል ብርሃን ይፈልጋሉ። የኔ ተክሎች የሚፈልጉት ከ20 እስከ 40 ነው። ምን ማለት እንደሆነ ቀጥሎ እናየዋለን። ለጊዜው ልዩነቱን ብቻ ያዙልኝ። አሥር እጥፍ ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ተክሉን ምረጡ፣ ከዚያ መብራቱን

ብዙ ሰው መብራት ገዝቶ ነው ተክል የሚፈልገው። ተገላቢጦሽ ነው። መብራቱ ምን ያህል ይሁን የሚለውን የሚወስነው ተክሉ ነው።

ትንሽ ብርሃን የሚበቃቸው አሉ። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስ፣ ክሪፕቶኮሪን የሚባሉት ናቸው። ከ15 እስከ 30 ማይክሮሞል ቢያገኙ ይኖራሉ። ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርትና አማዞን ሶርድ መካከለኛ ናቸው፤ ከ30 እስከ 50 ይበቃቸዋል። ቀያይ ቅጠል ያላቸውና ጠጠሩ ላይ እንደ ሣር የሚነጠፉት ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። እነሱ ብርሃን ብቻ አይደለም የሚጠይቁት። ከሲሊንደር የሚለቀቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋሉ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ተክል በብርሃን አስተፃምሮ ምግቡን ሲሠራ ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ አንድ ላይ ያስፈልጉታል። ብርሃኑን ብቻ ብትጨምሩለት ሌላው አይከተልም። የተረፈውን ብርሃን የሚጠቀምበት አልጌ ነው። አልጌ በጥቂት ነገር መኖር ይችላል። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማትለቁ ከሆነ ደካማና መካከለኛ ብርሃን ላይ እርጉ። ለጀማሪ የምመክረው አኑቢያስን ነው። የአፍሪካ ተክል ነው፣ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ በወር አንድ ሁለት ቅጠል ካወጣ ደህና ነው። ግን አያስቸግርም። ወፍራም ግንዱን ጠጠር ውስጥ አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል። እንጨት ላይ በክር እሰሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሱቅ የቤት ውስጥ አበባ የሆነውን ድራሲናን የውሃ ተክል ነው ብሎ ይሸጣል። ጠርዙ ነጭ መስመር ያለበት፣ ደረቅ ያለ ቅጠል ነው። ውሃ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ደህና መስሎ ይቆይና ከሥሩ ይበሰብሳል። ሰው ደግሞ «መብራቱ ነው የገደለው» ይላል። ስትገዙ ስሙን ጠይቁ። ሻጩ ስሙን ካላወቀው ፎቶ አንሱና አጣሩ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ካርቶኑ ላይ ሦስት ቁጥር ፈልጉ።

ዋት የሚነግራችሁ አምፖሉ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው። የሚሰጠውን ብርሃን አይነግራችሁም። ድሮ «ለአንድ ሊትር ግማሽ ዋት» የሚባል ልማድ ነበር። እሱ ለፍሎረሰንት ዘመን ነው። ለኤልኢዲ አይሠራም።

ሉመን የሚነግራችሁ የሚወጣውን ብርሃን ነው፤ የሚለካው ግን ለሰው ዓይን እንደሚታየው ነው። ተክል ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (ከሐምራዊ እስከ ቀይ) ያለውን ብርሃን ሁሉ ይጠቀማል። የኛ ዓይን ግን አረንጓዴው ላይ ያደላል። ስለዚህ ሉመን ለተክል ፍጹም መለኪያ አይደለም። ለነጭ መብራት ግን ጥሩ ግምት ይሰጣል። ለደካማ ብርሃን ተክል በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን፣ ለመካከለኛ ከ20 እስከ 40 ያዙ። ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚለቁ ሰዎች ነው። የኔን ብናሰላው 1,800 ሉመን ለ55 ሊትር ሲካፈል 33 ገደማ ይመጣል። መካከለኛ ማለት ነው።

ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም ነው። 3,000 የሆነው ቢጫ ነው፣ መኝታ ቤት የሚሰቀለው ዓይነት። 6,500 የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ ነው። ከ5,000 እስከ 7,000 ያለው ይስማማናል። እውነቱን ለመናገር ተክሉ በቢጫም ያድጋል። 6,500 የምለው ለዓይን ስለሚያምር፣ ውሃውም ጥርት ብሎ ስለሚታይበት ነው።

የቀለም ጥራት የሚባል ቁጥርም አለ፤ ከ100 ነው የሚሰጠው። 80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የዓሣውም የቅጠሉም ቀለም በደንብ ይታያል። የተጻፈበት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

በስልካችሁ ለኩ

ይሄ ክፍል ነው ገንዘብ የሚያድነው። የተክል ብርሃን በትክክል የሚለካው በማይክሮሞል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚያርፈው ብርሃን ማለት ነው። መለኪያ መሣሪያው ውድ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ማን ይሸጠዋል? ግን ስልካችሁ ላይ የብርሃን ሴንሰር አለ። ሉክስ፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ለዓይን እንደሚታየው የሚለካ ነፃ መተግበሪያ ጫኑ።

እኔ እንዲህ አደረግሁ። ገንዳው ባዶ ሳለ፣ ማታ፣ የሳሎኑን መብራት አጠፋሁ። የምሞክረውን መብራት ገንዳው ላይ አጋደምኩና አበራሁት። ስልኩን በጀርባው መስታወቱ ወለል ላይ አስተኛሁት። ሴንሰሩ ከፊት ለፊት ካሜራው አጠገብ ነው፤ ወደ ላይ ያይ። እጄን አወጣሁ፣ ጥላ እንዳይጥል። መሐል ላይ 2,600 አለኝ። ወደ አራቱም ጥግ ወሰድኩት። 1,500 ገደማ ሆነ። በወረቀት ላይ ገንዳውን ስዬ ቁጥሮቹን በየቦታቸው ጻፍኩ።

ለነጭ ኤልኢዲ ሉክሱን ለ65 አካፍሉት። 2,600 ሲካፈል 40 ማይክሮሞል ይመጣል። 1,500ው ደግሞ 23። ስለዚህ መሐል ላይ ቫሊስኔሪያ፣ ጥግ ላይ አኑቢያስ። የተክሉን አቀማመጥ የወሰንኩት በዚያች ወረቀት ነው።

ይሄ ግምት ነው። ስልክ ከስልክ ይለያያል። ውሃው ራሱ ትንሽ ይቀንሳል፤ መስታወቱ ደግሞ ወደ ውስጥ እያንጸባረቀ ይመልሳል። ግን 20ን ከ200 ለመለየት ይበቃል። ለሰማያዊ መብራት ግን በፍጹም አትጠቀሙበት። ሉክስ ሰማያዊውን አሳንሶ ነው የሚያየው። የኮራሉን መብራት በዚህ ዘዴ ብትለኩት ደካማ ነው ይላችኋል። ደካማ አይደለም።

ማነጻጸሪያ ከፈለጋችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ጠራራ ፀሐይ 2,000 ማይክሮሞል ገደማ ነው። ስለዚህ ገንዳውን መስኮት ሥር አታስቀምጡ። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ብርድ ስላለው ደካማ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ለሁለት ሰዓት ያህል በመስኮት የሚገባ ፀሐይ መስታወቱን በአልጌ ለማልበስ ይበቃል። ቀን ያሞቀዋል፣ ሌሊት ውርጩ ያቀዘቅዘዋል። ዓሣውም አይወደውም።

የትኛውን ዕቃ እንግዛ?

ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ ነጭ ኤልኢዲ ካገኛችሁና አቅሙ ካለ እሱን ግዙ። ከውሃ የተከለለ ነው፤ አንዳንዱም ብርሃኑ ይቀነሳል። የሚቀነስ ከሆነ በግማሽ ኃይል ጀምሩ። ርዝመቱ ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን። የ60 ሴንቲ ሜትር ገንዳ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር መብራት ካስቀመጣችሁ ዳርና ዳሩ ጨለማ ነው።

ሁለተኛው መብራቴ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለ 30 ዋት ፓውዛ ገዝቼ መሐል ላይ ሰቀልኩት። ሥሩ ያለው አኑቢያስ ቅጠሉ በጥቁር ፀጉር መሰል አልጌ ተሸፈነ። ጥግ ላይ ያለው ክሪፕቶኮሪን ደግሞ ቀለጠ። አንድ ገንዳ ውስጥ፣ በአንድ መብራት፣ አንዱ በዛበት ሌላው አነሰው። ፓውዛ መጥፎ አይደለም። ዝናብ እንዲችል ስለሚሠራ ከውሃ የተከለለ ነው፤ በብዛትም ይገኛል። ግን አንድ ትልቅ ከምትገዙ ሁለት ባለ 10 ዋት ገዝታችሁ ርቀት ሰጥታችሁ ስቀሉ። ከውሃው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከፍ ባለ ቁጥር ይደክማል፣ ግን ይበተናል።

አሁን ያለኝ ሁለት ባለ 9 ዋት፣ 60 ሴንቲ ሜትር፣ 6,500 ኬልቪን ረጅም ኤልኢዲ ነው። ሱቅና ቢሮ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት፣ ከነቤቱ የሚሸጠው። እያንዳንዱ 900 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይዳረሳል። አንዱን ብቻ ማብራት ስለሚቻል በደካማ መጀመር ቀላል ነው። ሽቦው የሚታይ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ዓይነት ግን አትግዙ። 220 ቮልት ነው፣ ሥሩ ደግሞ ውሃ አለ።

ቤታችሁ የቆየ ፍሎረሰንት ካለ ይሠራል፤ አትጣሉት። ብርሃኑ ግን ዓይናችሁ ሳያስተውለው እየደከመ ይሄዳል። በዓመት አንዴ ቱቦውን መቀየር ያስፈልጋል። አዲስ ልግዛ ካላችሁ ግን ኤልኢዲ ይሻላል።

ስትሰቅሉት

እኛ ጋ የብርዱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ውሃው 25 ዲግሪ፣ ክፍሉ ሌሊት 13 ዲግሪ ሲሆን የገንዳው ክዳን ያልበዋል። እንደ ድስት ክዳን። ጠብታው ወደ መብራቱ ይሄዳል። ስለዚህ በመብራቱና በውሃው መካከል መስታወት ክዳን ይኑር። ክዳኑ ሙቀትም ይይዛል፣ የማሞቂያውን ሥራ ያቀላል። ግን በየሳምንቱ ጥረጉት። ጠብታ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል፣ ብርሃኑን ይጋርዳል። በኮምጣጤ የረጠበ ጨርቅ ያነሳዋል። ኮምጣጤው ገንዳው ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ክዳኑን አውጥታችሁ አጽዱ።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀጥታ ወደ ሶኬት አታስገቡት። መጀመሪያ ከሶኬቱ በታች ወርዶ፣ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። ውሃ በገመዱ ላይ ቢንሸራተት ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት አይገባም። ዲቫይደሩን መሬት ላይ ገንዳው ሥር አታኑሩት፣ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ግራውንድ ያለው ሶኬት ተጠቀሙ። ኤሌክትሪሺያን ስታስመጡ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከር አስገጥሙ። ልጆች ያሉበት ቤት በዚህ አይደራደርም። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። እኔ ሁልጊዜ እነቅላለሁ።

ስንት ሰዓት ይብራ?

በቀን ስድስት ሰዓት ጀምሩ። ከአንድ ወር በኋላ ተክሉ አዲስ ቅጠል ካወጣ፣ አልጌ ካልበዛ፣ ሰባት አድርጉት። ከስምንት አትለፉ። «የጫካ ተክል 12 ሰዓት ፀሐይ አያገኝም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ያገኛል። ግን እዚያ ጥላ አለ፣ ደመና አለ፣ የሚፈስ ውሃ አለ። የኛ ገንዳ ጠባብ ናት።

ሰዓቱ እናንተ ቤት የምትሆኑበት ይሁን። የኔ ከቀኑ 10 ሰዓት በርቶ ማታ 4 ሰዓት ይጠፋል። ቀን ማንም ለማያየው ገንዳ ማብራት ምን ያደርጋል? ተክሉ ቀኑ የትኛው እንደሆነ አይጨነቅም። በየቀኑ እኩል መሆኑን ነው የሚፈልገው። አንድ ቀን አራት፣ አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ማብራት ከሁሉም የከፋ ነው። ስለዚህ ታይመር ግዙ።

ታይመሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የኛ የቀኑ 10 ሰዓት እሱ ላይ 16 ነው፣ የማታው 4 ደግሞ 22። የጎረቤታችን ልጅ በኛ ሰዓት ሞልቶት መብራቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በርቶ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት አይጠፋም ነበር። «ጋሼ፣ ዓሣዎቼ ሌሊት አይተኙም» ብሎ መጣ።

የምትገዙት ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይሁን። ዙሪያውን ጥርስ ያለው፣ በሜካኒክ የሚዞረው ርካሽ ነው። ግን መብራት ሲሄድ እሱም ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከጠፋ በሁለት ሳምንት ገደማ ሌሊትና ቀኑ ይዞርበታል። ያላችሁ እሱ ከሆነ መብራት በመጣ ቁጥር ሰዓቱን አስተካክሉ።

መብራት ሲጠፋ

ስለ ተክሉ አትጨነቁ። አንድ ሁለት ቀን ጨለማ አይገድለውም። እንዲያውም አልጌ ሲበዛ ሦስት ቀን ሙሉ ገንዳውን በጨርቅ ሸፍኖ ማጨለም የታወቀ መፍትሔ ነው። የጎመን ቅቅል የመሰለውን ውሃዬን ያጠራሁት በዚህ ነው። ሦስት ቀን ጨለማ፣ አየር መንፊያው ሳይጠፋ፣ ከዚያ ግማሽ ውሃ መቀየር። የጠፋውን ሰዓት ግን በማግሥቱ ላካክስ አትበሉ። ስድስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው።

የሚያሳስበው ዓሣው ነው። ማሞቂያው ይቆማል፣ ፊልተሩም ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከሆነ ገንዳውን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከላይ ትንሽ ክፍት ትታችሁ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ መጀመሪያ ይዋዥቃል። የኤልኢዲውን ውስጠኛ ዕቃ የሚያቃጥለው ይሄ ነው። ንቀሉትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰኩት።

እዚህ ጋ የደጋ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት 30 በመቶ ገደማ ዝቅ ስለሚል ወደ 6 ይወርዳል። ቀን መብራቱ ሲበራ ተክሉ ኦክስጅን ይሠራል፤ ምሽት ላይ ቅጠሉ ላይ ዶቃ የመሰለ አረፋ የምታዩትም ለዚህ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ግን ተክሉም ይተነፍሳል፣ ከዓሣው ጋር ይሻማል። ዶሮ ሲጮኽ ዓሣዎቹ ላይኛው ውሃ ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አየር መንፊያውን ሌሊት፣ መብራቱ በማይበራበት ሰዓት፣ አብሩት። «ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለው የመጽሐፍ ምክር ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ ነው። ጣርማበር፣ መንዝ፣ አንኮበር ያለ ሰው የዓሣውን ቁጥር ከዚያ ያሳንስ።

ቁልቁል ሸዋሮቢት ወርዳችሁ ከሆነ የምትኖሩት ችግሩ ይገለበጣል። ማሞቂያ ላያስፈልግ ይችላል፤ ውሃው እንዳይግል ነው ጭንቀቱ። ብዙ ሙቀት የማይለቅ ኤልኢዲ ብቻ ተጠቀሙ፣ ክዳኑንም አየር እንዲያገኝ አድርጉት።

ቆጣሪው ምን ይላል?

አባቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንን ነበር። ሁለቱ መብራት አንድ ላይ 18 ዋት ናቸው። በቀን ሰባት ሰዓት ቢበሩ በወር 4 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞሉም። ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ግን በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ መብራቱን አትንኩ። ክዳን አድርጉ፣ ከገንዳው ጀርባና ጎን ፎም ለጥፉ።

ተክሉ ምን እያለ ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር መስታወቱንና ቅጠሉን ያለብሰዋል። አትደንግጡ። አዲስ ገንዳ ሁሉ ያሳልፈዋል፣ በጣት ሲነካ ይነሳል፣ በራሱም ይሄዳል። መብራት አትጨምሩለት፣ አትቀንሱለትም።

መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወይም ፀጉር መሰል ክር ከበዛ ብርሃኑ በዝቷል ማለት ነው። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ቀንሱ። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ካልተለወጠ መብራቱን በአምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

ተክሉ ቀጥኖ ወደ ላይ ከተመዘዘ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ግንድ ከረዘመ፣ ብርሃን አንሶታል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ወይም ቀዳዳ ካወጣ ግን ጥፋቱ የመብራት ላይሆን ይችላል። ማዳበሪያ ነው የጎደለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ቢጫ ቅጠል ያይና ጠንካራ መብራት ይገዛል። ለረሃብተኛ ሥራ እንደማብዛት ነው።

አዲስ የገዛችሁት ክሪፕቶኮሪን በሳምንቱ ቅጠሉን ሁሉ ሊያራግፍ ይችላል። አትንቀሉት። ሥሩ አለ። አካባቢ ሲለወጥበት እንዲህ ያደርጋል። የኔ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው ጥፍር የምታህል ቡናማ ቀንበጥ ጠጠሩን ገፍታ ብቅ ያለችው። ማጉያ መነጽር አምጥቼ ነው ያየኋት።

ብርሃኑ ልክ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሥራ ይመጣል። ቫሊስኔሪያው ሥር ለሥር እየሄደ ልጅ ያፈላል፣ ሆርንዎርቱ ውሃውን ይሞላል። በየሁለት ሳምንቱ መቀነስ አለባችሁ። ደህና ደህናውን ለጎረቤት ስጡ፤ የጎረቤታችን ልጅ ገንዳ የተተከለው ከኔ በተቆረጠ ነው። የተረፈውን ግን በረሳ ወንዝ ላይ አትድፉት፣ ቦይ ውስጥም አትጣሉት። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ የጓሮ ጎመናችሁ ሥር ቅበሩት።